ብድር በቃል ወይስ በወረቀት?

ደሴ ሰኞ ገበያ የሚነግድ ጓደኛዬ ለአክስቱ ልጅ 20 ሺህ ብር ሊያበድር ነው። «ላስፈርመው ወይስ ነውር ነው?» አለኝ።

በቃል፦ ወጪ የለውም። ቡና እየተጠጣ ያልቃል። ማንም አይቀየምም።

በወረቀት፦ ግማሽ ሉክ፣ እስክሪብቶና ሁለት ምስክር። ይኸው ነው። የሚከብደው «አላመንከኝም እንዴ?» የሚለው ፊት ነው። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ይሉኝታ ላይ አንታማም!

አደጋው ላይ ግን ጨርሶ አይገናኙም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመን ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። ተበዳሪው ከካደ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቢመሰክር አይረዳህም። 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቀን አስቤዛ ላይሞላ ይችላል። ሰው ደግሞ ሟች ነው። ወራሾች በቡና ላይ የተባለውን ከየት ያውቁታል?

ለሳምንት የምትወሰድ 300 ብር በቃል ትሂድ። ገንዘቡ ከበዛ፣ መመለሻው ከራቀ ወይም በየወሩ የሚከፈል ከሆነ ወረቀት ይሻላል።

ጓደኛዬ ጻፈ። የአክስቱ ልጅም ፈረመና «ለእኔም አንድ ኮፒ» አለው።