የተፈጥሮ ግጥም ምሽት፦ ማኪያቶው 5 ከ 5፣ ግጥሙ 3

ቅዳሜ ማታ ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ የሚያዘጋጀው የግጥም ምሽት ላይ ነበርኩ፣ የዚህ ወር ርዕስ "ተፈጥሮ" ነው ስላሉኝ ነው የሄድኩት። መግቢያው 300 ብር ነው ከነማኪያቶው፣ ማኪያቶው ምርጥ ነው እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን 11 ሰዓት ተብሎ 12 ተኩል ነው የተጀመረው፣ ማይኩ ደሞ ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚሰማው።

ወደ ግጥሙ ስንመጣ፣ ሰባት ገጣሚ ነበር መሰለኝ፣ አምስቱ "እናት ምድር"፣ "ተራራው አለቀሰ"፣ "አረንጓዴ" ምናምን ብለው ወረዱ፣ አንድ የዛፍ ስም እንኳን ሳይጠሩ! ዝግባ የለ፣ ኮሶ የለ፣ ዋንዛ የለ፣ ዝም ብሎ "ዛፍ"። ስም የጠራው ስድስተኛው ደሞ ባህር ዛፍን የቅድመ አያቶቼ ዛፍ ብሎ አለቀሰለት፣ ኧረ ወንድሜ ባህር ዛፍ እኮ በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፣ ስሙ ራሱ ባህር ተሻግሬ መጣሁ እያለህ! (አዲስ አበባን ስንት ዘመን በማገዶ የያዛት እሱ ነው ደሞ፣ እንደውም ይሄን ቢጽፈው ነበር የሚያምርበት)

የመጨረሻዋ ልጅ ግን ለብቻዋ 300 ብሩን ታወጣለች። ስለ ሐሮማያ ሐይቅ ነው ያነበበችው፣ በኛ 1990ዎቹ ድርቅ ብሎ ስለነበረው። ለቅሶ ምናምን የለውም፣ ያለው ቀንና ሌሊት የሚጮህ የውሃ ፓምፕ ነው፣ የጫት ማሳ፣ ወደ ሐረር የሚሄድ ቧንቧ፣ ከዳገቱ እየታጠበ ሐይቁን የሞላው አፈር፣ ከዛ ደረቅ መሬት ላይ ዘመም ብሎ የቀረ ጀልባ። ገበሬውን አልሰደበችውም፣ ልጆቹን የሚያስተምረው በዛው ጫት መሆኑን እዛው ግጥሙ ውስጥ ከታዋለች፣ እዛ ጋ ስትደርስ ስልኩን የሚነካካ ሰው አልነበረም። አንድ ቅር ያለኝ ነገር፣ ሐይቁ ባለፉት ዓመታት እኮ ውሃ መልሶ ይዟል፣ ግጥሙ ግን እንደደረቀ ነው የሚያልቀው።

ለማንኛውም በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ፣ በጊዜ ደርሼ ፊት ወንበር እይዛለሁ እንጂ።

ስንወጣ ለሁላችንም አንዳንድ ችግኝ ሰጡን። ምን ዛፍ ነው ብዬ በር ላይ የሚያድለውን ልጅ ብጠይቀው "ዛፍ ነው" አለኝ። ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ አስቀምጬው ጎረቤቴ ትላንት አየችውና ግራቪሊያ ነው አለችኝ፣ እሱም ከአውስትራሊያ።