ጥንቃቄ፦ «ባለ 3 ሌንስ» ተብሎ የሚሸጠው ካሜራ ሌንሱ 1 ነው

ካሜራ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይ የመጀመሪያችሁ ከሆነ፣ ይችን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። «ካሜራ ከ3 ሌንስ፣ ከትራይፖድ፣ ከቦርሳ፣ ከፊልተርና ከማጽጃ ጋር» የሚል ማስታወቂያ እንደ አሸን ፈልቷል። ዕቃው ሁሉ በአንድ ፎቶ ተደርድሮ ሲታይ ያስጎመጃል። አብዛኛው ግን ኮተት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ኮተቱ አይደለም፤ ዓይናችን ኮተቱ ላይ ሲንከራተት ዋናው ሌንስ በርካሹ ዓይነት መተካቱ ነው።

መጀመሪያ «3 ሌንስ» የሚሉትን እንይ። እውነተኛው ሌንስ ከካሜራው ጋር የሚመጣው፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሄደው (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ፣ ሲበዛ አቅርቦ ያሳያል) የተለመደው ዙም ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ «ዋይድ 0.43» እና «ቴሌ 2.2» የሚባሉት፣ ሌንሱ አፍ ላይ እንደ ፊልተር የሚጠመዘዙ መስታወቶች ናቸው። ለብቻቸው ካሜራው ላይ አይገጠሙም። ሻጩ 18ን በ0.43 አባዝቶ «ወደ 8 ሚሊሜትር ይወርዳል»፣ 55ን በ2.2 አባዝቶ «120 ይገባል» ይላችኋል። ማባዛቱ ልክ ነው። ፎቶው ሲታይ ግን በዋይዱ ማዕዘኖቹ ይጠቁራሉ፣ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ተለጥጦ ይጨማለቃል። ቴሌውን አስራችሁ ዙሙን ወደ 18 ብትመልሱት ደግሞ በቧንቧ አጮልቆ እንደማየት ነው፤ መሀል ላይ ክብ፣ ዙሪያው ጥቁር። ከዚህ የባሰው ክብደቱ ነው። በብዙዎቹ የቆዩ 18-55 ሌንሶች ፎከስ ሲደረግ የሚሽከረከረው የፊተኛው ክፍል ራሱ ነው። ትንሿ ሞተር ያንን ብቻ እንድታዞር ነው የተሠራችው፤ ከላዩ ወፍራም መስታወት ስትጭኑባት ትቸገራለች።

ፊልተሮቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከሦስቱ አንዱ ብዙ ጊዜ «ኤፍኤልዲ» የሚባለው ሐምራዊ ቀለም ያለው ነው። እሱ የፍሎረሰንት መብራትን አረንጓዴነት በፊልም ላይ ለማረም የተሠራ ነው። ዲጂታል ካሜራ ይህን በዋይት ባላንስ (በቀለም ማስተካከያው) ራሱ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «18-55» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ካኖን በ2011 ሁለት 18-55 ሌንሶችን አንድ ላይ አውጥቷል፤ አንዱ መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ማረጋጊያ ያለው «አይኤስ 2» (IS II)፣ ሌላው ማረጋጊያ የሌለው «3» (III)። ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው። ባለ 3 ቁጥሩ አዲሱና የተሻለው ይመስላል፤ የጎደለው ግን እሱ ነው። ኒኮንም በ2016 ኤኤፍ-ፒ (AF-P) የሚባለውን 18-55 ማረጋጊያ ያለውና የሌለው አድርጎ በሁለት ዓይነት አቅርቧል። በእሱ ላይ የምትፈልጉት ማረጋጊያ እንዳለው የሚያሳየውን «ቪአር» (VR) የሚለውን ነው። ርካሽ ጥቅሎች ውስጥ የትኛው ገብቶ እንደምታገኙት መገመት አያቅታችሁም። ማስታወቂያው ላይ «18-55 ሌንስ» ብቻ ይጻፋል፣ የሌንሱ ሙሉ ስም ይዘለላል።

አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለውን ጥቅል ገዝቶ «ቤት ውስጥ የማነሳው ሁሉ ይደበዝዝብኛል፣ ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?» ብሎ አመጣልኝ። ካሜራው ምንም አልሆነም። ይህ ሌንስ 18 ላይ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ 55 ላይ ግን ከ5.6 አያልፍም። ያ ማለት ዙሙን ሙሉ በሙሉ ስትስቡት የሚገባው ብርሃን ከ2 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ማታ ሳሎን ውስጥ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ላይ፣ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ ወደ 1/15 ሰከንድ አካባቢ ይወርዳል። 55 ላይ በእጅ ይዞ ጥርት ያለ ፎቶ ለማንሳት ደግሞ ወደ 1/90 ያስፈልጋል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ማረጋጊያው ነበር፤ ካኖን ለአይኤሱ የሚናገረው እስከ 4 ስቶፕ ድረስ ነው (አንዱ ስቶፕ ሹተሩን በ2 እጥፍ ማዘግየት ማለት ነው)። በእርግጥ ማረጋጊያ የእናንተን እጅ እንጂ የሚሮጥ ልጅን አያቆምም። ቁጭ ብሎ ለሚነሳ ሰው፣ ለዕቃ፣ ለክፍል ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በካኖንና በኒኮን ዲኤስኤልአሮች (ውስጣቸው መስታወት ያላቸው፣ ሌንሳቸው የሚቀያየር ካሜራዎች) ማረጋጊያው ያለው ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ሌንሱ ላይ ከሌለ የትም የለም። የፔንታክስ ብዙዎቹ ዲኤስኤልአሮች ማረጋጊያው በራሱ በካሜራው አካል (ቦዲው) ውስጥ ስላላቸው ይህ ሐሳብ አይመለከታቸውም።

ኪት ሌንስ፣ ማለትም ከካሜራው ጋር የሚመጣው፣ አይረባም የሚሉትን ግን አትስሟቸው። ቀን ላይ፣ አፐርቸሩን 8 አድርጋችሁ ብታነሱበት ብዙ ሰው ከውድ ሌንስ አይለየውም። የምላችሁ ትክክለኛውን ዓይነት ያዙ ነው።

ሌንሱን ለብቻው የምትገዙ የኒኮን ሰዎች ሌላም ወጥመድ አለባችሁ። ያ ኤኤፍ-ፒ በዲ3100፣ በዲ3200፣ በዲ5100፣ በዲ7000 እና በዲ90 ላይ ይታሰራል፣ ግን ፎከስ አያደርግም። ማንዋል ፎከሱም (በእጅ የሚደረገው) ቢሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ቀለበቱን ብታዞሩት ለውጥ የለም። «ለኒኮን ይሆናል» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ የካሜራችሁን ሞዴል ጠርታችሁ ጠይቁት። ለቆዩት ካሜራዎች ኤኤፍ-ኤስ (AF-S) የሚለውን ፈልጉ።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ ሻጩ አንድ ሁለት ፎቶ አንስቶ ስላሳያችሁ አትመኑ። ዙም በተሳበ ቁጥር ውስጡ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሪባን አለ፤ እሱ ሲበጠስ አፐርቸሩ መንቀሳቀስ ያቆማል። በካኖን ካሜራ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ «ኤረር 01» ሆኖ ይመጣል። ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው፦ አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ከተነሳ መንቀሳቀስ ስለማያስፈልገው ኤረሩ አይታይም። ደብዘዝ ባለ ሱቅ ውስጥ በአውቶ ሲሞከር ደግሞ ካሜራው ራሱ የሚመርጠው ሙሉ መክፈቱን ነው። ስለዚህ አፐርቸሩን ራሳችሁ የምትወስኑበትን ሞድ መርጣችሁ 11 ላይ አድርጉትና 18፣ 24፣ 35 እና 55 ላይ እያንዳንዳቸውን አንሱ። አንዱ ላይ እንኳ ካሜራው ከቆመ ተዉት፤ ጥገናው ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

ቀጥሎ የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። የኒኮን ሌንስ ከካሜራ ሲወጣ አፐርቸሩ ስለሚዘጋ፣ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ማንሻ በጣት ገፋ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ አለዚያ ብርሃኑ አያሳልፍም።

በርቀት የምትገዙ ከሆነ ሻጩ የሌንሱ ሙሉ ስም የተጻፈበትን ክፍል፣ ጽሑፉ እንዲነበብ፣ አቅርቦ አንስቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ። የካኖን ከሆነ «አይኤስ»፣ የኒኮን ከሆነ «ቪአር» ከሌለበት ዋጋው ላይ ተደራደሩ ወይም እለፉት። ጥቅሉን ገዝታችሁ ገና መመለስ የምትችሉበት ጊዜ ያላለፈባችሁ ካላችሁ፣ የማስታወቂያውን ፎቶና ደረሰኙን አብራችሁ ያዙ፤ ሻጩ «ሌንሱ እኮ ይሠራል» ሲላችሁ የምትከራከሩት «3 ሌንስ» ብሎ በጻፈው ላይ ነው።