ካንኖር ለሰሜን ካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች፦ ሐሳቡ ጥሩ፣ አከፋፈሉ አስቸጋሪ

የካናዳ የሰሜን ኢኮኖሚ ልማት ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ካንኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የተቋቋመው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ኦታዋ ሳይሆን የኑናቩት ዋና ከተማ ኢቃሉዊት ነው። በሦስቱ የሰሜን ግዛቶች፣ በዩኮን፣ በኖርዝዌስት ቴሪቶሪስና በኑናቩት ለሚኖሩት ጥቂት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የኢኮኖሚ ድጋፍ ያደርጋል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚያልፈው በማኅበራት በኩል ስለሆነ፣ ሥራ መጀመር የፈለገ ሰው በዩኮን ዋና ከተማ ኋይትሆርስ ላይ መጀመሪያ የፍራንኮ-ዩኮን ማኅበርን ቢያነጋግር ይቀለዋል። ማመልከቻ በፈረንሳይኛ ማስገባት መብት ነው። መልሱ በእንግሊዝኛ ከመጣ ለኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ኮሚሽነር አቤት ይባላል፤ አቤቱታው ክፍያ የለውም።

ጣጣው ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው። ድጎማው ብዙውን ጊዜ ወጪው ከወጣ በኋላ ደረሰኝ ታይቶ የሚተካ ነው። ካዝናው ባዶ የሆነ ትንሽ ማኅበር እስከዚያ ደመወዝ ከየት ያመጣል? ከካንኖር ጋር የድጎማው ስምምነት ሳይፈረም የወጣ ገንዘብ ደግሞ ይተካል ተብሎ አይታሰብ።

ኢቃሉዊት ላይ ይባስ። ከደቡብ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም፤ ጣውላና ማሽን የሚገባው ባሕሩ ከበረዶ ሲላቀቅ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ገደማ፣ በመርከብ ነው። ፊርማው ከዘገየ መርከቡ ያመልጣል። ከዚያ ወይ የአውሮፕላን ጭነት ዋጋ መቻል ነው፣ ወይ እስከ ቀጣዩ ዓመት መጠበቅ። ስለዚህ ማመልከቻው በካናዳ የበረዶ ወቅት መጀመሪያ ይግባ፤ የጭነት ወጪውም በበጀቱ ለብቻው ይቀመጥ።

አንድ የሚያስተዛዝብ ነገር አለ፦ የኑናቩት አብዛኛው ሕዝብ የሚናገረው የኢኑይት ቋንቋ በዚህ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በሚሰጥ ድጋፍ አይታቀፍም። በፌዴራል ደረጃ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ብቻ ናቸውና።