የስዊድኗ ትንሽ ከብት ነጂ ውሻ፦ አብሬያት ኖሬ ያየሁት

ዝርያው ቬስትዮታስፔትስ ወይም የስዊድን ቫልሁንድ ይባላል። የኔዋ ሴት ናት። ፊቷና ፀጉሯ ቁርጥ ተኩላ፣ እግሯ ግን አጭር ነው። ሴቷ ወደ 31፣ ወንዱ ወደ 33 ሳንቲሜትር ነው ቁመታቸው። ጭራ ሳይኖራቸው የሚወለዱ አሉ፣ ጉራጅ ያላቸውም፣ ረጅም ያላቸውም።

ማጠሯ ለሥራ ነው። በስዊድኗ ቬስተርዮትላንድ ግዛት ገበሬዎች ከብት የሚነዱት በነዚህ ነበር፤ ላሟን ተረከዟ ላይ ነከስ አድርጋ፣ እርግጫው ሳይደርስባት መሬት ላይ ልጥፍ ትላለች። እኛ ቤት ላም ስለሌለ ልጆቹ ሲሮጡ ካልሲያቸውን ከኋላ ያዝ ታደርጋለች። ከቡችላነት ጀምሮ ካልታረመ አይለቅም፣ ይሄን በደንብ አስቡበት።

በጣም የምወደው ታሪካቸውን ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ቢዮርን ፎን ሮዘንና ካርል-ጉስታፍ ሴተርስተን የሚባሉ ሰዎች በየገጠሩ ዞረው የቀሩትን ጥቂቶች ፈልገው አራቧቸው፣ በ1943 የስዊድን የውሻ ማኅበር ዝርያውን ተቀበለ። እነሱ ባይኖሩ ይቺ አሁን እግሬ ስር የተኛችው አትኖርም ነበር።

ችግሯ? ትጮኻለች። በር ሲንኳኳ፣ ወፍ ሲያርፍ፣ ደስ ሲላት። ፀጉሯም ሲረግፍ ጉድ ነው፣ በየቀኑ ማበጠር ነው። በዝርያው የሚወረስ የዓይን በሽታም ስላለ ቡችላ ከመውሰዳችሁ በፊት የወላጆቹን የዓይን ምርመራ ውጤት ጠይቁ።

ቀኑን ሙሉ ቤት ለማይውል ሰው አልመክርም። መንቀሳቀስ ለሚወድ ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ።