የሰማይ ብረት ቢላዋ፦ ብቻውን ይቀጥቀጥ ወይስ ከካርቦን ብረት ጋር?

ከሜትዮራይት፣ ማለትም ከሰማይ ከወደቀ ብረት፣ ስለት ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። ወይ ብቻውን መቀጥቀጥ፣ ወይ ከሌላ ብረት ጋር በእሳት ማጣበቅ።

ብቻውን የተሠራው ዝናው ትልቅ ነው። የጥንቱን የግብፅ ንጉሥ የቱታንካመንን ጩቤ ማየት ይበቃል፤ በ2016 የወጣ ጥናት የሰማይ ብረት ምልክት የሆነውን ኒኬል 11 በመቶ ገደማ አግኝቶበታል። ጣጣው እሳት ላይ ይጀምራል። በሜትዮራይት ውስጥ የብረትና የድኝ ውሁድ ተሰግስጓል። ይሄ ውሁድ ከብረቱ ቀድሞ ይቀልጣል፤ መዶሻው ሲያርፍ ብረቱ ይሰነጠቃል። ፎስፈረስ ያለበት ክፍልም በቀላሉ ይሰበራል። ይህ ሁሉ ታልፎ ስለት ቢወጣ እንኳ ካርቦን የለውም ማለት ይቻላል። አግለው ዘይት ውስጥ ቢነክሩት አይጠነክርም፣ ቶሎ ይደንዛል።

ለእኔ ድብልቁ ይሻላል። በ1621 ህንድ ውስጥ የወደቀውን ብረት ለንጉሥ ጃሃንጊር የቀጠቀጠው አንጥረኛም እዚሁ ነው የደረሰው። ብቻውን ሲመታው ተፈረካከሰበት። ሦስት እጁን ከአንድ እጅ ተራ ብረት ጋር ቀላቀለና ሁለት ጎራዴ፣ አንድ ቢላዋና አንድ ጩቤ አወጣ። ዛሬ ደግሞ መሃሉን የካርቦን ብረት፣ ግራና ቀኙን ሜትዮራይት ማድረግ ይቻላል። የሚቆርጠው መሃሉ ነው። አሲድ ሲነካው ኒኬል ያለበት ክፍል ደምቆ ይወጣል። ግን ማጣበቁ ቀልድ አይደለም፤ በመካከል የዝገት ቅርፊት ከቀረ ንብርብሩ ይላቀቃል።

ብዙ ሰው የሚጓጓለት የሜትዮራይቱ ተፈጥሯዊ መስመር ግን በሁለቱም መንገድ እሳት ይበላዋል። እሱን የፈለገ ሳያግለው ቆርጦ እጀታው ላይ ይለጥፈው።