«እውነተኛ ፊት የሚያወጣ ፕሮምፕት» እየተባለ የሚሸጠውን ፋይል ከመግዛታችሁ በፊት

ፖስተር፣ ማስታወቂያና የዩቲዩብ ሽፋን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ለምትሠሩ ሁሉ። ፕሮምፕት ማለት ሞዴል ለሚባለው ምስል ሠሪ ፕሮግራም የሚጻፈው ትእዛዝ ነው። ቴሌግራም ላይ «ከፎቶ የማይለይ የሰው ፊት የሚያወጣ የፕሮምፕት ጥቅል» እየተባለ የሚሸጥ ፋይል አለ። ብሩ አስቀድሞ ይላካል፣ ከዚያ አንድ ፒዲኤፍ ይመጣል። ሲከፈት ከገጽ ገጽ የሚደጋገመው ይሄው ነው፦ «ማስተርፒስ፣ ቤስት ኳሊቲ፣ ኤይት ኬ፣ አልትራ ሪያሊስቲክ፣ አንሪል ኢንጂን፣ ፐርፌክት ስኪን»። አትግዙት። ፊት ተፈጥሯዊ የሚሆነው በዚህ የቃላት ድርድር አይደለም፤ ከነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ እንዲያውም ፊቱን ያበላሹታል።

«ማስተርፒስ» እና «ቤስት ኳሊቲ» የጃፓን ካርቱን ለሚሥሉ ሞዴሎች ማሠልጠኛ ከሆኑ ምስሎች ጋር የተለጠፉ ምልክቶች ነበሩ። እዚያ ይሠራሉ። ፎቶ በሚያወጣ ሞዴል ላይ ግን ጥቅማቸው እዚህ ግባ አይባልም። «አንሪል ኢንጂን» የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ስለሆነ ፊቱን ወደ ጌም ገጸ ባሕርይ ይጎትተዋል። «ሪያሊስቲክ» የሚለው ቃልም ያሳስታል፤ ተራ ፎቶን «እውነተኛ ይመስላል» ብሎ የሚገልጽ የለም፣ እንዲህ የሚባለው ፎቶ እንዲመስል የተሣለ ሥዕል ነው። ከሁሉ የከፋው «ፐርፌክት ስኪን» ነው። በፎቶሾፕ የተለሰለሰ የመዋቢያ ማስታወቂያ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ሰዉ «ቆዳው ሰም ሆነብኝ» እያለ ሌላ ጥቅል ፍለጋ ይሄዳል።

ሻጩ የሚለጥፋቸው ናሙናዎችስ? ያማሩ ናቸው፤ ችግሩ ከስንት ውስጥ እንደተመረጡ አለመነገሩ ነው። ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ያለውን አይቶ አይከፍልም፣ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ይዘግናል። እዚህም ያው ነው። ሲድ የሚባለው ቁጥር ምስሉ ከየትኛው የነጠብጣብ ብናኝ እንደሚነሳ ይወስናል፤ ሲዱ ሲቀየር በዚያው ፕሮምፕት አንዱ ፊት ድንቅ፣ ሌላው ዓይኑ የተንሸዋረረ ሆኖ ይወጣል። ብዙ አውጥቶ ያማሩትን ብቻ መለጠፍ ማንም ይችላል።

በቃል የማይፈታው ትልቁ ነገር የፊቱ መጠን ነው። ስቴብል ዲፊዩዥን 1.5 የሚባለው ሞዴል የሠለጠነው በ512 በ512 ፒክስል ሲሆን፣ በውስጡ ምስሉን በየአቅጣጫው 8 ጊዜ አሳንሶ በ64 በ64 ካሬዎች ላይ ነው የሚሠራው። ቆሞ ከእግር እስከ ራሱ የሚታይ ሰው ብታዙ ፊቱ 80 ፒክስል ቢይዝ ነው። ያ ማለት በአንድ አቅጣጫ 10 ካሬ፤ ለአንድ ዓይን የሚደርሰው ሁለት ካሬ ገደማ። በሁለት ካሬ ውስጥ ብሌን፣ ሽፋሽፍትና የብርሃን ነጸብራቅ አይገባም፤ መቶ ቃል ቢደረደርም አይገባም። መፍትሔው ፊቱን ቢያንስ የፍሬሙን ሲሶ እንዲይዝ ማቅረብ ነው፤ አለዚያም ምስሉ ከወጣ በኋላ ፊቱን ብቻ ከልሎ በኢንፔይንት እንደገና በትልቁ ማሠራት። «የተከለለውን ብቻ» የሚለውን መርጣችሁ ዲኖይዚንጉን (ምስሉ ምን ያህል እንደሚቀየር የሚወስነውን ቁጥር) ከ0.3 እስከ 0.4 አድርጉት። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ሌላ ሰው ይመጣባችኋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ስቴብል ዲፊዩዥን፣ ኤስዲኤክስኤል፣ በ1024 ስለሚሠራ ችግሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ፊት ያድሳሉ የሚባሉት ጂኤፍፒጋን እና ኮድፎርመር ዓይንን ያስተካክላሉ፣ ግን ቆዳውን መልሰው ያለሰልሱታል፤ ጫናቸውን ዝቅ አድርጋችሁ ተጠቀሙ።

አንዱ ፕሮምፕት ለሁሉም ሞዴል ይሠራል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ተዉት። ጥቅሎቹ ውስጥ የሚታጨቀው «አስቀያሚ፣ የተጣመመ፣ ትርፍ ጣት» የሚል የእምቢታ ዝርዝር (በምስሉ ላይ እንዳይወጡ የሚጠየቁ ነገሮች) ፍላክስ ዴቭ በሚባለው ሞዴል ላይ በተለመደው አሠራር ቦታ እንኳ የለውም። እዚያ ቆዳን ከፕላስቲክነት የሚያወጣው ጋይዳንስ የሚባለውን ቁጥር ከ3.5 ወደ 2 ወይም 2.5 ማውረድ ነው። ስቴብል ዲፊዩዥን ላይ ሲኤፍጂ (ሞዴሉ ፕሮምፕቱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚከተል የሚወስነው ቁጥር) ከ12 ሲያልፍ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ፊቱም ይደርቃል፤ ከ5 እስከ 7 ይበቃል። ሚድጆርኒ በሚባለው ሌላ ሞዴል ላይ ስታይላይዝ የሚባለው፣ ሞዴሉ በራሱ የሚያሳምርበት መጠን፣ ከ100 ይነሳል፤ ወደ 50 አውርዱትና ስታይሉን ሮው አድርጉት። ቻት ጂፒቲ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ ምስል በዳሊ 3 ያወጣ በነበረበት ጊዜ ደግሞ የተገዛው ጽሑፍ ምስል ከመሆኑ በፊት በቻት ጂፒቲ እንደገና ይጻፍ ነበር። ታዲያ የተከፈለበት ቃል የት ሄደ?

ከመክፈላችሁ በፊት ለሙከራ አንድ ፕሮምፕት ጠይቁና ራሳችሁ መዝኑት። ሞዴሉን፣ መጠኑን፣ የስቴፕ ብዛቱን (ምስሉ ደረጃ በደረጃ የሚጠራበት ቁጥር፤ 28 በቂ ነው) እና ሲኤፍጂውን አንድ አድርጋችሁ ያዙ። ከ101 እስከ 108 ያሉትን 8 ሲዶች በሻጩ ፕሮምፕት አውጡ። ከዚያ በእነዚያው ሲዶች አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር አሠሩ፦ «የ50 ዓመት ሴት በስልክ የተነሳች ፎቶ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ብርሃኑ ከግራ»፣ በእንግሊዝኛ። 16ቱን ስማቸውን ደብቃችሁ፣ ሲዳቸው አንድ የሆኑትን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ነገሩን ለማያውቅ ሰው አሳዩና ከየጥንዱ እውነተኛ የሚመስለውን አስመርጡት። ሁለቱ ዓይኖች ላይ ያለው ነጸብራቅ ከአንድ አቅጣጫ ነው ወይ? የጆሮ ጌጡ በሁለቱም ጆሮ አንድ ነው? የፀጉሩ መነሻ ፀጉር ነው ወይስ የተቀባ መስመር? የአንገቱ ቆዳ ከፊቱ ጋር በዕድሜ ይመጣጠናል? አንገቱ የ50 ዓመት ሆኖ ፊቱ የ20 ሲሆን ሰው ቶሎ ይነቃል።

የሻጩ 5 ለ 3 ቢያሸንፍ አትደነቁ፤ ሳንቲም እየወረወሩም ከሦስት ጊዜ አንዴ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይገኛል። ከ8ቱ 7 ካሸነፈ ግን በዕድል የመሆኑ ነገር ከ100 ወደ 4 ገደማ ይወርዳል፤ ያኔ የሆነ ነገር አለው ማለት ነው። ከዚያ በአንድ ሲድ ላይ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣችሁ እዩ። ሥራ የሚሠሩት ሁለት ሦስት ብቻ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፦ ዕድሜ፣ የብርሃን አቅጣጫ፣ ፎቶው በምን እንደተነሳ።

ናሙናውን በፎቶ መልክ አትቀበሉ። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፣ ውስጡ የተጻፈውንም መረጃ ያጠፋዋል። «ዋናውን ፒኤንጂ በፋይል ላክልኝ» በሉት። ስቴብል ዲፊዩዥንን በሚያሠራው ፕሮግራም፣ በአውቶማቲክ 1111፣ የወጣ ከሆነና መረጃው ካልተነካ፣ «ፒኤንጂ ኢንፎ» ላይ ስትጥሉት ፕሮምፕቱን፣ ሲዱን፣ ስቴፑንና ሞዴሉን ዘርግፎ ያሳያችኋል። እምቢ ካለ አትክፈሉ።

«የሐበሻ ፊት ጥቅል» የሚባለው ለብቻው ይነገር። ስቴብል ዲፊዩዥን ጽሑፍ የሚያነብበት ክሊፕ የሚባለው ክፍል በአንድ ጊዜ የሚይዘው 75 ቶከን (የጽሑፍ ቁራጭ) ነው፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ትርፉን ቆርጦ ይጥለዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል እስከ 3 ቶከን ስለሚፈጅ 25 ፊደል ላይ ቦታው ሊያልቅ ይችላል። የሠለጠነውም በዋናነት በእንግሊዝኛ ነውና በአማርኛ የተጻፈው ትርጉም አይሰጠውም፤ ለዚህ ሞዴል የአማርኛ ፕሮምፕት መሸጥ ዓይን ያወጣ ማታለል ነው። በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያዊት» ብሎ መተውም ብዙ ጊዜ ሹሩባ፣ የአገር ልብስና የቱሪስት ፎቶ ያመጣል። ግራጫ ሹራብ የለበሰች፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠች ሒሳብ ሠራተኛ ብላችሁ ልብሱን፣ ሥራውንና ቦታውን ስትጽፉ ሰፈር ውስጥ የምታውቁት ዓይነት ፊት ይመጣል። ይሄ ደግሞ በነፃ ነው። ሚድጆርኒ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ምስሎች ከነፕሮምፕታቸው ይታያሉ፤ ሞዴልና ምስል የሚጋሩበት ድረ ገጽ፣ ሲቪትአይ ላይም ብዙዎቹ እንዲሁ።

ከጥቅሉ ጋር «ልዩ ሞዴል» ብለው መጨረሻው ሲኬፒቲ (.ckpt) የሆነ ፋይል ከላኩላችሁ አትክፈቱት። እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሮጥ ኮድ ሊደበቅ ይችላል። ሴፍቴንሰርስ (.safetensors) የሚለውን ዓይነት ብቻ ተቀበሉ።

ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ቅሬታ ከማንሳታችሁ በፊት የንግግራችሁን፣ የናሙናዎቹንና የክፍያውን ስክሪንሾት ያዙ። ቴሌግራም ላይ ሻጩ መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ጭምር ሊያጠፋው ይችላል።