ቪኤይት እያለምን ያሪስ ስንነዳ፦ ደሴ ላይ ከወራት በኋላ ያየሁት

ደሴ ካፌ ቁጭ ካልክ ወሬው ዞሮ ዞሮ መኪና ላይ ይመጣል። መኪና ላይ ሲመጣ ደግሞ ቪኤይት ላይ፣ ስምንት ሲሊንደሩ ትልቁ ላንድክሩዘር ላይ፣ ያርፋል። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ዋጋው የማያወራ የለም። ሒሳብ ተከፍሎ ሲወጣ ግን በር ላይ የቆመው ቪትዝ ነው፣ ያሪስ ነው፣ ዕድሜ የጠገበ ዲኤክስ ኮሮላ ነው። የቀረው ባጃጅ ይጠራል። የኔም ያሪስ ናት። ክረምት ሊገባ ሲል ነው የገዛኋት፤ አሁን ጭቃውንም ጭጋጉንም በጋውንም አብረን አይተናል። ቪኤይትንም ከሩቅ አይቼ አይደለም የማወራው፤ የአክስቴ ልጅ ሥራው እሱን መንዳት ስለሆነ ጎኑ ተቀምጬ ብዙ አገር ዞሬያለሁ።

የኔዋ በፈረንጆቹ የ2008 ስሪት ናት። የአውሮፓ ስታንዳርድ፣ ማንዋል፣ 998 ሲሲ፣ ሦስት ሲሊንደር፣ 69 የፈረስ ጉልበት። ከቪትዝ ጋር በመሠረቱ አንድ መኪና ናቸው። ልዩነቱ ቪትዝ ለጃፓን ገበያ መሪዋ በቀኝ ሆኖ ስለምትሠራ፣ እኛ ጋ የምትደርሰው ብዙውን ጊዜ ዱባይ ላይ መሪዋ ወደ ግራ ተገልብጦ ነው። ያሪስ ካልሆነ ብዬ ሙጭጭ ያልኩት ለዚህ ነው። ከፋብሪካ መሪዋ በግራ ሆኖ የወጣች መኪና ዳሽቦርዷ አልተነቀለም፣ ሽቦዋ አልተቆራረጠም። ቪትዝ ገዝተው ደስተኛ የሆኑ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔ ግን በሐረጎ ላይ በየቀኑ የምሽከረከርበት መሪ ሌላ ሰው ፈትቶ የገጠመው እንዲሆን አልፈለግኩም።

ሐረጎን ለማያውቅ ሰው፦ ኮምቦልቻና ደሴን የሚያገናኘው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን በዚያች አጭር ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ፋብሪካው 69 ፈረስ ብሎ የጻፈላት መኪና ደሴ ስትደርስ የሚቀራት 50 ምናምን ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ያሪስ ዳገት ላይ ትለግማለች» ሲልህ እውነቱን ነው፣ ግን መኪናዋን አትፍረድባት።

ብቻዬን ስሆን በሦስተኛ ማርሽ ይዛው ትወጣለች። አራት ሰው ከጫንኩ ኩርባው ላይ ወደ ሁለተኛ መመለስ ግድ ነው፣ ኤሲውን አጠፋለሁ፣ ከፊቴ ሲኖትራክ ካለም ቀጥ ያለ መንገድ እስኪመጣ ከኋላው እጠብቃለሁ። ቪኤይቱ እዚህ ላይ ሌላ ፍጥረት ነው። 200 የሚባለው ሞዴል 4.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ከሁለት ቱርቦ ጋር አለው፤ ቱርቦው ስሱን አየር አምቆ ስለሚያስገባለት ከፍታው ብዙም አይሰማውም። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ሲረግጠው ሲኖትራኩ ኋላ ይቀራል። ከምር ደስ ይላል። ከዚያ ግን ቀጣዩ ኩርባ ላይ ሌላ ሲኖትራክ አለ። ከሱ ኋላ ደግሞ አባዱላ። እኔና እሱ ከኮምቦልቻ እኩል ብንነሳ ደሴ ፒያሳ ስንገናኝ ልዩነታችን አንድ ስኒ ቡና የሚያስጠጣ አይደለም። (በነገራችን ላይ ከ2021 ጀምሮ የወጣው 300 ሞዴል ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ እኛ ግን እሱንም ቪኤይት ብለን ቀጥለናል።)

የሚያሳስበኝ ሽቅቡ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ክረምት ላይ ጭጋጉ ወርዶ ከፊትህ ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ይታይሃል፣ የጭነት መኪናዎቹ የተቃጠለ ፍሬን መስኮት ዘግተህም ይሸትሃል። ያሪሷ ማንዋል መሆኗ እዚህ ላይ ነው የጠቀመኝ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ በሞተሯ አስይዣት እወርዳለሁ፣ ፍሬኑን ኩርባ ላይ ብቻ እነካዋለሁ። መኪናዋ አንድ ቶን ገደማ ስለሆነች ለመያዝ አታስቸግርም። ቪኤይቱ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ነው፤ ፍሬኑ ትልቅ ቢሆንም የሚያቆመው ክብደትም ያንኑ ያህል ነው።

ፍሬን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንደገዛኋት የፊት ፍሬን ሸራ አስቀየርኩ። መለዋወጫ ሻጩ ካርቶኑን እያገላበጠ «ኦሪጅናል ነው» አለኝ፣ የኦሪጅናል ዋጋ ከፈልኩ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ሐረጎን ስወርድ መያዝ እምቢ ማለት ጀመረ። ስረግጠው ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚያወጣው ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ መጣ። በዝግታ ኮምቦልቻ ደረስኩ። መካኒኩ ጎማውን አውልቆ ሸራውን ሲያወጣው ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ እጁ ላይ ተፈረፈረ። «አብሽር ወንድሜ፣ ዲስኩ ተርፎልሃል» አለኝና ትክክለኛውን አምጥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ቀድሞ የተገጠመው ቀለል ያለ ነው፣ ከኋላው ያለው ብረት ቀጭን ነው፣ ጽሑፉ በጥፍር ይላጫል። ሕይወትህን በምታንጠለጥልበት ዕቃ ላይ ሐሰተኛ ካርቶን አሽጎ የሚሸጥ ሰው ምን እያሰበ እንደሚተኛ አላውቅም። ካርቶን አትመኑ፤ ዕቃውን አውጥታችሁ በእጃችሁ መዝኑት፣ ከተቻለም መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ ውጪ በሽታ የላትም። ሞተሯ ቀበቶ ሳይሆን ሰንሰለት ስለሆነ በየጊዜው ቀበቶ መቀየር የሚባል ወጪ የለም፤ ዘይቷን በሰዓቱ መቀየር ብቻ ነው የምትፈልገው። ሚኒሞ ላይ፣ ቆማ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ግን ሦስት ሲሊንደር ስለሆነች ተፈጥሮዋ ነውና መካኒክ ካንዴላ ካልቀየርኩ ቢልህ አትቸኩል። ፍሪሲዮን አስቀይሬያለሁ፣ እሱም በሐረጎ የሚመላለስ ማንዋል መኪና የሚያልቅበት ዕቃ ስለሆነ አልገረመኝም። ዕቃዋ ደሴም ኮምቦልቻም አለ፣ የማያውቃት መካኒክ የለም። የአክስቴ ልጅ ያንን ትልቅ መኪና አንድ ሴንሰር አስቁሞበት ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሲጠብቅ አይቻለሁ።

ነዳጅ ላይ ወሬ አላበዛም። ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ሐይቅ ስሄድ፣ በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ትሄድልኛለች። የሐረጎን ሽቅብ ስትጨምርበት 13 አካባቢ ነው። ታንኳ 42 ሊትር ይይዛል፤ አንዴ ከሞላኋት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው አዲስ አበባ ድረስ፣ ጣርማበርን ወጥታ፣ ትተርፈኛለች። ቪኤይቱ ከዚህ እጥፍ በላይ ይጠጣል። ለእውነት ያህል ግን እሱ ሁለት ታንክ ያለው ሲሆን በድምሩ 138 ሊትር ይይዛል። ማደያ ነዳጅ የለም ሲባልና ሰልፉ መንገድ ሲዘጋ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ውስጧ ከምታስበው ይሰፋል። የኋላ ወንበሯ ወደፊት ስለሚንሸራተት ከገጠር ጤፍ በማዳበሪያ ስናመጣ ቦታ አናጣም። የፍጥነት ማሳያዋ ከመሪው ፊት ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ለመልመድ ያስቸግራል። እናቴ ጋቢና ስትቀመጥ ግን ቁጥሩ ለኔ የሚታየኝን ያህል ለሷም ይታያታል፤ ገና 70 ሲል «ልጄ፣ ማን ጠርቶህ ነው?» ትለኛለች። እሷን ይዤ ስሄድ ከ70 አልፌ አላውቅም።

እናቴን ካነሳሁ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አገሯ አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ። እስከ ውጫሌ አስፋልት ስለሆነ ያሪሷ ዘፍና ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ያለው ፒስታ ነው፤ ከክረምት በኋላ ደግሞ ፒስታ ማለትም ይከብዳል፣ ጎርፍ መሃሉን ቦርቡሮት ድንጋዩ አፍጥጦ ይቀራል። ያሪስ ሆዷ ከመሬት 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ሲሞላባት ከዚያም ትወርዳለች። ለልቅሶ የሄድን ጊዜ መጀመሪያ እኔና እናቴ ብቻ ቀርተን ሌሎቹ ወረዱ። ቀጥሎ እናቴም ወረደች። አጎቴ ከፊት ከፊት እየሄደ «ግራ! ግራ ያዝ! ቁም በቃ፣ አብሽር፣ እሷን ድንጋይ ላንሳልህ» እያለ በእጁ ድንጋይ ሲያነሳልኝ፣ ከሥር አንዱ አፈንግጦ ሲፍቃት አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ዘይት አላፈሰሰችም፣ እግዜር ይመስገን። መኪናዋን ግን እዚያው ሰው ቤት ደጅ አቁመን የቀረውን በእግር ሄድን፤ እናቴ ጉልበቷን እያመማት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

ቪኤይቱ ከመሬት 23 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ 9 ሴንቲ ነው፣ አንድ መዳፍ። ከወራት በኋላ ከህልሙ መኪና የቀረልኝ ምኞት ይኼ መዳፍ ብቻ ነው። ስምንቱን ሲሊንደር የምረግጥበት መንገድ ሐረጎ ላይ የለም። ቆዳ ወንበሩ ያሪስ ወንበር ላይ ያላጣሁትን ነገር አልሰጠኝም። ስፋቱማ ሰኞ ገበያ ዙሪያ ባጃጅና ጋሪ መሃል ሲገባ ጭንቅ ነው፣ የአክስቴ ልጅ እስፖኪዮውን አጥፎ ሲያልፍ አይቻለሁ። እናቴን አገሯ በር ላይ ማውረድ ግን ቅንጦት አይደለም። ወሎ ውስጥ ስንቱ ሰው ነው ከተማ እየኖረ ልቡ ከአስፋልት ወዲያ ያለ ቀበሌ ውስጥ ያለው? ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለዒድ፣ ለመውሊድ፣ ለመስከረም 21 ግሸን፣ መንገዱ መጨረሻው ላይ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ አሁን ጓደኞቼ ስለ ቪኤይት ሲያወሩ እኔ የማየው አሮጌዋን ሱዙኪ ቪታራ ነው። ትንሽ ናት፣ ከመሬት ከፍ ትላለች፣ በአራቱም ጎማ ትጎትታለች፣ ከባድ ማርሽ አላት። ዋጋዋም ሰው የሚደርስበት ነበር። ነበር ያልኩት ለምክንያት ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ያው ነው የሚዞረው። ያሪሴ አርጅታም ዋጋዋ አልወረደም፣ ቪታራዋም እንደዚያው።

የኤሌክትሪኮቹን ነገር በቅርብ እየተከታተልኩ ነው። ሞተራቸው አየር ስለማይስብ ደሴ ላይ ጉልበት አይቀንስባቸውም፣ ሐረጎን ሲወርዱ ደግሞ ባትሪያቸውን መልሰው ይሞላሉ። ለኔ የኮምቦልቻ ምልልስ ይሄ ልክ የተሠራ ነው። ቤቱ ቆጣሪ ያለው፣ መብራት የማይጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ቢያስብበት ደስ ይለኛል። የአምባሰሉ መንገድ ላይ ግን ብዙዎቹ እንደ ያሪሷ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ከሥራቸው ያለው ደግሞ ባትሪ ነው።

ያሪሷን አልሸጣትም። ከሥሯ ወፍራም ላሜራ አሠርቼላታለሁ፣ ፒስታ ላይ ልቤ ትንሽ አርፏል። ቤቱ ደሴ ሆኖ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ያለ ማመንታት ግዛ እላለሁ። ስትገዛ ጠዋት ሳትሞቅ አስነሳት፣ ሰንሰለቷ ሲንኳኳ ከቆየ ተወው። ከሥር ገብተህ ሆዷ ምን ያህል እንደተፋቀ እይ፣ ከአስፋልት ወጥታ የኖረች መኪና እዚያ ላይ ትታወቃለች። ከዚያ ሰው ሞልተህ ሐረጎን አውጣት፤ ፍሪሲዮኗ ከተንሸራተተ የሚነግርህ ዳገቱ ነው። ሻጩ ሐረጎ ድረስ አልሄድም ካለህ ሌላ መኪና ፈልግ።